መምህር ለመሆን የሚዘጋጅ ሰው ስለ ሕፃን ምን ያምናል?

የአንድ አገር ተስፋ በሕፃናቱ ላይ ነው ተብሎ በየጉባኤው ሲነገር ይሰማል። ነገሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን የሕፃናቱ ተስፋ ደግሞ ፊደል በሚያስቈጥራቸው መምህር ላይ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የመምህሩ ነገር ሲነሣም ስንት ዓመት ተማረ፣ ምን ማስረጃ ይዞ ወጣ፣ ደመወዙስ ስንት ነው ተብሎ ይጠየቃል እንጂ፣ ይህ ሰው ሕፃን እንዴት ያድጋል፣ እንዴትስ ያውቃል ብሎ ያምናል ተብሎ የሚጠየቀው እጅግ ጥቂት ነው። የመምህሩ እጅና አንደበት ግን የሚታዘዙት በኪሱ ለያዘው ማስረጃ ሳይሆን በልቡ ላመነው ነገር ነው። ሕፃን በዱላ ይቀናል ብሎ ያመነ መምህር ዱላውን ያነሣል፤ ሕፃን ባዶ ጋን ነው ብሎ ያመነ ሲቀዳበት ይውላል፤ ሕፃን አሳቢ ፍጡር ነው ብሎ ያመነ ግን ይጠይቃል፣ መልሱንም ታግሦ ይሰማል።

ይህን ነገር ለመመርመር ደሴና ኮምቦልቻ የተመቹ ስፍራዎች ናቸው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር በደጋው ተቀምጣለች፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቍልቍለት ወርደው ሲጨርሱ በቦርከና ወንዝ አጠገብ በሞቃቱ ሜዳ ተዘርግታለች። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በደሴ የሚገኘው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ለመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራንን ያዘጋጃል፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲም በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው። በእቴጌ መነን እናት በወይዘሮ ስኂን ሚካኤል ስም በተሰየመው የደሴ ትምህርት ቤት ተምረው ለአገር የጠቀሙ ሰዎችም ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ከዚህ የሚወጣ ወጣት መምህር ዕጣው ወዴት እንደሚጥለው አስቀድሞ አያውቅም። አንዱ በብርዱ ደጋ በግ ሲጠብቁ የሚያረፍዱ ሕፃናት ይገጥሙታል፤ ሌላው በኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኞችን ልጆች ያስተምራል፤ ሦስተኛው በቃሉ ገጠር ከማሽላ ማማ ወርደው የሚመጡትን ይቀበላል። የሚማሩበት መጽሐፍ አንድ ነው፤ ያደጉበት ኑሮ ግን ልዩ ልዩ ነው።

ለመምህርነት የታጨው ወጣት ለሙያው ሲዘጋጅ የሥነ ልቡና ትምህርት ይቀርብለታል። በዚህም ትምህርት ውስጥ የአራት ሰዎች ስም ደጋግሞ ይነሣል። የመጀመሪያው የስዊስ ተወላጅ የሆነው ዣን ፒያዤ (እ.ኤ.አ. 1896–1980) ነው። እርሱም የሕፃን አእምሮ በአራት ደረጃ ያድጋል አለ፤ ይኸውም ከልደት እስከ ሁለት ዓመት በእጁና በስሜት ሕዋሳቱ ዓለሙን ይዳስሳል፤ ከሁለት እስከ ሰባት በቃልና በምስል ማሰብ ይጀምራል፣ ነገር ግን ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ያያል፤ ከሰባት እስከ ዐሥራ አንድ በሚታይና በሚጨበጥ ነገር ላይ በሥርዓት ያስባል፤ ከዚያ ወዲያ በማይጨበጠው ሐሳብ ላይ ይመራመራል ማለት ነው። ሁለተኛው በዚያው በ1896 በሩስያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት የተወለደውና በ1934 ገና በ37 ዓመቱ የሞተው ሌቭ ቪጎትስኪ ነው። እርሱ ደግሞ ሕፃን ብቻውን የሚችለው ነገር ሌላ፣ በዐዋቂ ወይም በሚበልጠው ጓደኛ ርዳታ የሚችለው ነገር ሌላ መሆኑን ለይቶ፣ ትምህርት ሊሰጥ የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለው ስፍራ ነው ብሎ አስተማረ። ሦስተኛው አሜሪካዊው ቢ. ኤፍ. ስኪነር (እ.ኤ.አ. 1904–1990) ልማድ የሚጸናው ወይም የሚጠፋው ተከትሎት በሚመጣው ዋጋ ነው አለ። አራተኛው ኤሪክ ኤሪክሰን (እ.ኤ.አ. 1902–1994) የሰው ጠባይ ከሕፃንነት እስከ እርጅና በስምንት ደረጃ እንደሚገነባ፣ የሁሉም መሠረት ሕፃኑ በሚያሳድጉት ሰዎች ላይ የሚያኖረው መተማመን እንደ ሆነ ጻፈ።

ነገር ግን ይህን ትምህርት የሚሰማው ወጣት ልቡ ባዶ አይደለም። ዐሥራ ሁለት ዓመት በተማሪ ወንበር ተቀምጦ መምህራኑን ሲመለከት ኖሯል። ዳን ሎርቲ የተባለ አሜሪካዊ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መምህራን ሙያቸውን የሚማሩት ኮሌጅ ከመግባታቸው በፊት በተማሪነታቸው ዘመን ባዩት ነገር መሆኑን አስረድቷል። ሐኪም ወይም የሕግ ዐዋቂ ለመሆን የሚሄድ ሰው የሙያውን ሥራ አስቀድሞ ሲሠራ አላየም፤ መምህር ለመሆን የሚሄደው ግን በብዙ ሺህ ሰዓት የሚቈጠር ትምህርት አይቷል። ያየውም መምህሩ በሰሌዳው ፊት የሚሠራውን ነው እንጂ በልቡ የሚያስበውን አይደለም።

ከዚህም በቀር ወጣቱ ከእናቱ ቤት ይዞት የመጣ ንድፈ ሐሳብ አለው። ንድፈ ሐሳቡም በምሳሌያዊ አነጋገር የታሰረ ነው። «ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ይህ አነጋገር እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሕፃንን አእምሮ ገና ካልተጻፈበት ወረቀት ጋር ካመሳሰለው ሐሳብ ጋር ቅርብ ዝምድና አለው። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ይባላል፤ ይህ ደግሞ ቅጣት ጠባይን ያጸናል የሚል እምነት ነው። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይባላል፤ ይህም ሕፃን ጐደሎ ዐዋቂ ነው፣ ሥራውም አሳቡም ቁም ነገር የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ወጣቱ በኮሌጁ አዳራሽ ሲቀመጥ የፈረንጆቹ ንድፈ ሐሳብ በባዶ ቤት አይገባም፤ ቀድሞ የገባ እንግዳ አለና። ሁለቱ ተያይተው፣ ተነጋግረው፣ እውነቱ ከሐሰቱ ካልተለየ በቀር አዲሱ በደብተር ላይ፣ አሮጌው በልብ ውስጥ ሆነው ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

ዕጩ መምህር ይህን ትምህርት ተምሮ ሲጨርስ ሊይዘው የሚችለው አስተያየት በሦስት ይከፈላል። አንዱ፣ ይህ ነገር ለፈተና ነው፣ በክፍል ውስጥ አይረባም ይላል። ሁለተኛው፣ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለዚህ አገር ሕፃን አይስማማም ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ ሊቃውንቱ ተናግረዋልና ነገሩ አልቋል ብሎ እንደ ሕግ ይቀበለዋል። ሦስቱም ጥቂት እውነት አላቸው፤ ሦስቱም ግን በሕፃኑ ላይ ጉዳት ያመጣሉ። እያንዳንዱን በየተራው መመርመር ይገባል።

ለፈተና ነው የሚለው ሰው ምክንያት የለውም አይባልም። አንዳንዱ ወጣት ወደ መምህርነት የመጣው ወድዶ ሳይሆን ሌላው በር ስለ ተዘጋበት ነው፤ እንዲህ ላለው ሰው ስምና ዓመት ሸምድዶ ማለፍ ይበቃዋል። የሚሰጠውም ፈተና ብዙ ጊዜ የፒያዤን አራት ደረጃ በተራ ቍጥር ጻፍ የሚል ይሆናል። ይህን በትክክል የጻፈ ሰው በማግስቱ አንደኛ ክፍል ገብቶ በጣቱ የሚቈጥረውን ሕፃን «ጣትህን ሰብስብ!» ብሎ ይቆጣዋል። እንግዲህ ይህ ሰው ፈተናውን አለፈ እንጂ ትምህርቱን አልተማረም፤ ያ ጣት ሕፃኑ የሚያስብበት መሣሪያ እንደ ሆነ አላወቀምና።

ነገሩን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አምስት ባቄላ በአንድ ረድፍ፣ አምስት ባቄላ በሌላ ረድፍ ትይዩ አድርጎ በአራትና በአምስት ዓመት ሕፃን ፊት መደርደር ይበቃል። እኩል ናቸውን? ሲባል፣ አዎን ይላል። ከዚያ በሕፃኑ ዐይን ፊት የአንደኛውን ረድፍ ባቄላ አራርቀው ቢያስረዝሙትና ቢጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ ረጅሙ ይበልጣል ብሎ ይመልሳል። ሕፃኑ ደንቈሮ ሆኖ አይደለም፤ ርዝመቱን አይቶ፣ መራራቁን ገና ከርዝመቱ ጋር ማመዛዘን ስላልቻለ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ይኸው ሕፃን በዚህ ጥያቄ ይስቃል። ይህን በዐይኑ ያየ ዕጩ መምህር የሕፃን ስሕተት የራሱ ምክንያት እንዳለው ይረዳል፤ «ለምን እንዲህ አልህ?» ብሎ መጠየቅም ይለምዳል። ልጅ ያቦካው ለራት ባይበቃም፣ እንዴት እንዳቦካው ማየት ግን ለመምህር ትልቅ ትምህርት ነው።

በኢትዮጵያ የመምህራን ማሠልጠኛ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1944 በአዲስ አበባ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ ከተጀመረ ወዲህ ይህ በቃልና በተግባር መካከል ያለው ርቀት ሲያሳስብ ኖሯል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርቱ ተማሪውን ማዕከል እንዲያደርግ ፈለገ። በ1996 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ማሻሻያ ደግሞ ዕጩዎች በትምህርት ቤት ውስጥ የሚለማመዱበትን ጊዜ አበዛ። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ተማሪ ተኮር የሚለው ቃል በብዙ ስፍራ ወንበርን ክብ አድርጎ ማስቀመጥና ተማሪዎችን አንድ ለአምስት ማደራጀት ብቻ ሆኖ ቀረ። ወንበሩ ዞረ፤ የመምህሩ እምነት ግን በነበረበት ቆመ። በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በተደረገው የንባብ ምርመራ፣ ከሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ከመቶ 34 ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለዚህ ውጤት የመጽሐፍ እጥረት፣ የክፍል መጣበብ፣ የቤት ድኽነት እያንዳንዱ ድርሻ አለው፤ ሕፃኑ ከየት እንደ ደረሰ ሳያውቁ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ማለፍም ድርሻ አለው።

ሁለተኛው አስተያየት፣ ይህ የፈረንጅ ነገር ነው የሚለው፣ በተለይ ለካህናትና ለአገር ሽማግሎች ደስ የሚያሰኝ ይመስላል። ነገር ግን በደንብ የተመለከቱት እንደ ሆነ፣ ፈረንጆቹ በንድፈ ሐሳብ የጻፉት አንዳንዱ ነገር በዚህ አገር ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ በተግባር ሲሠራበት የኖረ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ከተማሩት መካከል ናቸው። የንባብ ቤቱን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ሕፃኑ በአንድ ጊዜ ወደ ሩጫ ንባብ እንደማይገባ ያውቃል። በመጀመሪያ ፊደሉን ይለያል፤ ከዚያ ቃሉን በቍጥር ፊደል በፊደል ይነቅሳል፤ ቀጥሎ በግዕዝ፣ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነባል። የኋለኛው ደረጃ በፊተኛው ላይ ይቆማል፤ ፊተኛውን ያላጸና አይዛወርም።

ቅኔ ቤትም እንዲሁ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እያደገ እስከ ስምንት ቤት መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ቅኔ ሰምቶ ብቻ አይቀርም፤ በየቀኑ የራሱን ቈጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ያርሙለታል። ተማሪ ዕውቀትን ራሱ ይገነባል የሚለው የዛሬ ዘመን አነጋገር ከዚህ የተለየ ምን ይናገራል? ደግሞም የኔታ በአንድ ዛፍ ሥር ብዙ ሕፃናትን ይዘው የሚያስተምሩት፣ ዳዊት የደረሰው ፊደል ቈጣሪውን እንዲያስጠና በማዘዝ ነው። ቪጎትስኪ የሚበልጥ ጓደኛ ያለው ይህንኑ ነው። በወሎ ቁርኣን ቤቶችም ሕፃኑ ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን ትምህርት እስኪይዝ ድረስ ያነበንባል፤ ሲይዝ ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ ይጻፍለታል። በቤተ ክርስቲያኑም በቁርኣን ቤቱም እያንዳንዱ ሕፃን የሚሄደው በራሱ እርምጃ ነው። በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን የ1986ቱ ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ሕፃናት በነጻ እንዲዛወሩ ፈቀደ፤ መምህሩ ተከታትሎ የደከመውን ካላገዘ፣ ያላነበበው ካነበበው ጋር አብሮ አለፈ።

ቃል በቃል መያዝ እንኳ ዛሬ ብዙ ሰው እንደሚንቀው ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ያነበቡትን ደጋግመው ካነበቡት ተማሪዎች ይልቅ መጽሐፉን ዘግተው ከልባቸው ለማስታወስ የሞከሩት ከሳምንት በኋላ አብልጠው እንደሚያስታውሱ ታይቷል። የኔታ ማታ ማታ የቃል ትምህርት ሲያስጠኑ፣ ጧት ደግሞ ያስጠኑትን ሲጠይቁ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር።

ይህ ሲባል ግን የጥንቱ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። አለንጋው፣ ኵርኵሙ፣ የተሳሳተውን ሕፃን በጓደኞቹ ፊት ማሳፈሩ አብሮ ነበር፤ ቃሉን ይዞ ትርጓሜውን ሳያውቅ የቀረም ብዙ ነበር። ስኪነር እንኳ፣ ልማድ በዋጋ ይጸናል ያለው ሰው፣ ቅጣት ጥፋትን ለጊዜው ይሸሽገዋል እንጂ አያጠፋውም ብሎ ቅጣትን ይቃወም ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት በአካላቸው ከሚፈጸም ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ «ያልተቀጣ ልጅ» የሚለውን አነጋገር ይዞ የመጣ ዕጩ መምህር በሕግም በዕውቀትም ፊት መልስ መስጠት አለበት። ሕጉ ተነግሮት ዱላውን ከሰው ፊት የሚደብቅ መምህር እምነቱን አልለወጠም፤ ፍርሃት የሕፃኑን አእምሮ እንዴት እንደሚዘጋው ያየ ግን ዱላውን ራሱ ይጥለዋል።

የፍርሃት ነገር በደሴና በኮምቦልቻ እንደ ተራ ወሬ የሚታለፍ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ከሰሜን በጦርነት የተፈናቀሉ ብዙ ቤተ ሰቦች በደሴ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ተጠልለው ነበር። በጥቅምት ወር ሁለቱ ከተሞች ራሳቸው በጦርነቱ ተያዙ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻም በዚያው ቆዩ። ያን ጊዜ የአራትና የአምስት ዓመት ሕፃናት የነበሩት ዛሬ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀምጠዋል። ከነዚህ መካከል የበር መንኳኳት የሚያስደነግጠው፣ ሲጠየቅ ዝም የሚል፣ ያለ ምክንያት ከጓደኛው የሚጣላ ቢገኝ፣ ኤሪክሰን ስለ መተማመን የጻፈውን በልቡ ያኖረ መምህር «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ብሎ ቶሎ አይፈርድም። አሜሪካዊው አብርሃም ማዝሎም እ.ኤ.አ. በ1943 ረኃብና ሥጋት ያለበት ሰው ወደ ከፍተኛው ፍላጎት እንደማይደርስ አስተምሯል። ቍርስ ሳይበላ፣ ልቡም ሳይረጋ የመጣን ሕፃን በስንፍና መክሰስ ዕውቀት የጐደለው ፍርድ ነው። እንግዲህ ንድፈ ሐሳብ ለፈተና ብቻ ነው የሚለው ሰው በነዚህ ሕፃናት ፊት ቆሞ ቃሉን ሊደግመው አይችልም።

ሦስተኛው አስተያየት፣ ሊቃውንት ብለዋልና አልቋል የሚለው፣ ትጉህ ሆኖ በሚማር ወጣት ላይ የሚመጣ ፈተና ነው። ፒያዤ ከሰባት ዓመት በፊት አይቻልም ብሏልና የስድስት ዓመቱን ሕፃን ይህን አትጠይቁት ይላል። ነገር ግን ፒያዤ ስለ ሕፃንነት መጀመሪያ የጻፈውን አብዛኛውን ያወጣው የገዛ ሦስት ልጆቹን በመመልከት ነበር። ከእርሱም በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ጥያቄው ሕፃኑ በሚያውቀው ነገርና በሚገባው ቋንቋ ሲቀርብለት ከተባለው ዕድሜ አስቀድሞ እንደሚመልስ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 በሜክሲኮ በተደረገ ጥናት የሸክላ ሠሪዎች ልጆች፣ ጭቃ ቅርፁ ቢለወጥም መጠኑ እንደማይለወጥ ከሌሎቹ ልጆች ቀድመው ተረድተው ተገኝተዋል፤ እጃቸው ከጭቃ ጋር ያደገ ነውና። በወሎም ከሸክላ፣ ከሽመና፣ ከእረኝነት ጋር ያደገ ሕፃን ምን ቀድሞ እንደሚያውቅ መጠየቅ የመምህሩ ፈንታ ነው።

ከዚህም የበለጠ የሚያስገርም በብራዚል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ በሬሲፌ ከተማ ገበያ ኮኮናትና የመሳሰለውን የሚሸጡ አምስት ሕፃናት ተጠየቁ። በገበያው ላይ የዋጋውንና የመልሱን ሒሳብ ሲጠየቁ ከመቶ 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። ያንኑ ሒሳብ በወረቀት ላይ በቍጥርና በምልክት ብቻ ሲቀርብላቸው ግን በትክክል የመለሱት ከመቶ 37 ያህሉን ነበር። ይህን የሰማ ሰው በኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆሎና ማስቲካ እየሸጠ የብሩን መልስ ሳይሳሳት የሚሰጠውን ብላቴና ማስታወስ አለበት። ያ ብላቴና በክፍሉ ውስጥ በሒሳብ ደካማ ተብሎ የሚቈጠር ሊሆን ይችላል። ዕውቀቱ አለ፤ የጐደለው ከገበያው ወደ ሰሌዳው የሚያሻግረው ድልድይ ነው። ድልድዩንም ሊሠራ የሚችለው ሕፃኑ በገበያ የሚያውቀውን አክብሮ የሚጠይቅ መምህር ነው።

ደግሞም በመምህራን ዘንድ እንደ እውነት የሚነገረው ሁሉ የተረጋገጠ አይደለም። አንዱ ሕፃን በማየት፣ አንዱ በመስማት፣ አንዱ በመንካት ብቻ ይማራልና ለእያንዳንዱ በየዓይነቱ ይዘጋጅለት የሚለው ትምህርት በዓለም ሁሉ ተሰራጭቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 አራት የሥነ ልቡና ሊቃውንት ነገሩን መርምረው ለዚህ አሠራር በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ ገለጹ። እንግዲህ ዕጩ መምህር ንድፈ ሐሳብን እንደ መነጽር ሊይዘው ይገባል እንጂ እንደ ጣዖት ሊሰግድለት አይገባም። መነጽር ያላየነውን ያሳያል ተብሎ ይደረጋል፤ የሚያደበዝዝ ከሆነ ግን ይወለወላል፣ ካልሆነም ይለወጣል።

ከሦስቱ አስተያየቶች የሚሻለው አራተኛው ይህ ነው። ንድፈ ሐሳብ ሕፃኑን ለማየት የሚረዳ ነው፤ የመጨረሻው ምስክር ግን ሕፃኑ ራሱ ነው። ይህን እምነት በዕጩው ልብ ለመትከል የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ ሳይሆን የአሠራር ለውጥ ነው።

በመጀመሪያ፣ ዕጩው ወደ ሥልጠናው ሲገባ ስለ ሕፃን የሚያምነውን፣ ከነምሳሌያዊ አነጋገሩ፣ በጽሑፍ ያስቀምጥ። ሲመረቅ ያንኑ ወረቀት ይስጡትና ምኑን እንደ ለወጠ፣ ምኑንስ ለምን እንዳጸና ያስረዳ። እንዲህ ሲሆን ድብቁ እምነት ወደ ብርሃን ወጥቶ ይመረመራል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ዕጩ አንድ ሕፃን መርጦ ለብዙ ወራት በክፍል፣ በጨዋታ፣ ቤተ ሰቡም ከፈቀደ በቤቱ ይመልከተው፤ ያየውንም ይጻፍ። በደሴ የሚማረው ኮምቦልቻ ወርዶ፣ በኮምቦልቻ ያለውም ደሴ ወጥቶ ቢመለከት፣ የኑሮ ልዩነት በሕፃን አሳብ ላይ የሚያደርገውን ያያል። ሦስተኛ፣ የሚፈተነው በስምና በዓመት ብቻ አይሁን፤ «ይህ ሕፃን እንዲህ ብሎ ተሳሳተ፤ ለምን ይመስልሃል? ነገስ ምን ትጠይቀዋለህ?» በሚል ጥያቄ ይሁን።

ለትምህርት ሹማምንት ደግሞ ሌላ ነገር ይቀራል። ከኮሌጅ የወጣው ወጣት የተማረውን ይዞ የሚገባው ወደ ነባር ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የሚቀበለው ነባር መምህር «ያንን የኮሌጅ ነገር ተወው» ካለው የሦስት ዓመት ትምህርት በሦስት ሳምንት ይረሳል። ስለዚህ ለዕጩዎች አሠልጣኝ የሚሆኑት ነባር መምህራን በጥንቃቄ ይመረጡ፤ ለድካማቸውም ዋጋ ይሰጣቸው። አንደኛ ክፍልም የጀማሪና የደካማ መምህር መጣያ መሆኑ ይቅር፤ የሕንፃው መሠረት ነውና ከሁሉ የበረታው መምህር ይመደብበት። ስድሳና ሰባ ሕፃን በታጨቀበት ክፍል የእያንዳንዱን አሳብ መከታተል እንደማይቻልም ሹማምንቱ ይወቁት፤ መምህሩን በንድፈ ሐሳብ አሠልጥኖ ንድፈ ሐሳቡ በማይሠራበት ክፍል ውስጥ መጨመር እህል ሰጥቶ ወፍጮ እንደ መንሣት ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃን እስከ ስድስተኛ ክፍል አድርጎ ሲያዋቅር የመምህሩንም ነገር አንሥቷል፤ ፍሬው የሚታወቀው ግን በየክፍሉ በሚሆነው ነው።

ካህናትና ሼኮችም በዚህ ነገር ባይተዋር አይደሉም። በየአጥቢያው ሕፃናት ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት ብዙ ጊዜ የሚቀበሏቸው እነርሱ ናቸው። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ ወዲህ ዜሮ ክፍል በየትምህርት ቤቱ ቢስፋፋም፣ የየኔታና የሼኩ ደጅ አልተዘጋም። ኮሌጁ መሪጌታውንና ሼኩን ጠርቶ ፊደልና አሊፍ እንዴት እንደሚያስለዩ፣ ተማሪን በተማሪ እንዴት እንደሚያግዙ ለዕጩዎቹ ቢያስረዱ፣ ዕጩዎቹ ንድፈ ሐሳቡ ከባሕር ማዶ ብቻ እንዳልመጣ ይረዳሉ። እነርሱም በበኩላቸው ስለ ሕፃን ፍርሃትና ስለ ቅጣት ጉዳት የተገኘውን አዲስ ዕውቀት ቢሰሙ፣ አለንጋውን ሰቅለው ጥበባቸውን ብቻ ይዘው ይቀጥላሉ። አሮጌው ለአዲሱ ሥር ይሆነዋል፤ አዲሱም ለአሮጌው ብርሃን ይሆነዋል።

የሕፃንነት ዘመን አጭር ነው። የስድስት ዓመት ሕፃን ሁለተኛ ጊዜ ስድስት ዓመት አይሆንም፤ በዚያ ዓመት የገጠመው መምህር ወይ የትምህርትን ፍቅር፣ ወይ የትምህርትን ፍርሃት በልቡ ጽፎበት ያልፋል። ዛሬ በደሴ ኮሌጅ ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ወጣት በሥራ ዘመኑ በብዙ መቶ በሚቈጠሩ ሕፃናት ፊት ይቆማል። ያ ወጣት ሕፃኑን እንደ ወረቀት፣ ወይም እንደ ጐደሎ ዐዋቂ፣ ወይም እንደሚያስብ ሰው አድርጎ ማየቱ ለእነዚያ ሁሉ የዕድል ጉዳይ ነው። ስለዚህ መምህራንን የሚያሠለጥኑ፣ የሚመድቡና የሚቈጣጠሩ ሁሉ፣ ምን ያህል ዕጩ ተመረቀ ብለው ከመቍጠር ጋር፣ የተመረቀው ስለ ሕፃን ምን አምኖ ወጣ ብለው መጠየቅን ከዛሬ ጀምሮ ሊለምዱ ይገባል።